ስለ ‹‹ቺንፋን›› ጥቂት እንበል

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርት ዕቅድ አወጣጥ፣ ስለ መርጃ መሣሪያ አሠራር፣ ስለ ጥቁር ሰሌዳ አያያዝ ሲጻፍ ታነባላችሁ። እኛ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ አንድ የቻይንኛ ግስ ለመጻፍ ነው። ‹‹እንዴ! ቻይንኛ ደግሞ ከየት መጣ?›› የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰባስበን ቻይንኛ የምንማር ጥቂት ሠልጣኞች አለን። ገሚሳችን ነገ ለእንጀራ ይጠቅመናል ብለን፣ ገሚሳችንም መኝታ ክፍል ተጋድሞ ከመዋል ይሻላል ብለን የጀመርነው ነው። ሰላምታውን፣ ቁጥሩን፣ የገበያውን ንግግር እንደ ምንም ተወጣነው። ጋዜጣና ሕግ ነክ ጽሑፍ ወደ ማንበቡ ስንሻገር ግን ‹‹ቺንፋን›› የሚባል ቃል በየገጹ እየተደጋገመ ይመጣብን ጀመር።

መዝገበ ቃላት ገልጦ ‹‹ጣሰ፣ ደፈረ፣ ተጋፋ›› የሚለውን ፍች ማግኘት ከባድ አይደለም። ታዲያ ፍችውን ማወቅ ብቻ ቃሉን በትክክል ለመጠቀም ይበቃልን? አይበቃም። ቃሉ ከምን ጋር እንደሚሄድና ከምን ጋር እንደማይሄድ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። እያደር እንደተረዳነው ደግሞ ይህ ልዩነት ከቻይንኛ ትምህርት አልፎ፣ ነገ ክፍል ገብተን ለምናስተምረው ለእኛ የሚናገረው ቁም ነገር አለው። ስለዚህ ቻይንኛ የማያውቅ አንባቢም ይህን ጽሑፍ ዘሎ ወደ ስፖርቱ ዓምድ እንዳያልፍብን አደራ እንላለን።

ከአነጋገሩ እንነሣ። ቻይንኛ ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ የቃሉ ትርጉም የሚለወጥበት ቋንቋ ነው። መደበኛው ቻይንኛ አራት ዋና ዋና ቃናዎች አሉት። ‹‹ቺን›› የሚለው በአንደኛው ቃና፣ ማለትም ድምፅን ከፍ አድርጎ ሳያወዛውዙ ቀጥ አድርጎ በመያዝ ይባላል። ‹‹ፋን›› የሚለው ደግሞ በአራተኛው ቃና ከላይ ወደ ታች ይወረወራል፤ ልጅ ሲያስቸግረን ‹‹ተው!›› ብለን እንደምንቆጣው ዓይነት ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ይህ ቃና አይታይም። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አጻጻፉም ታሪክ አለው። የቻይንኛ ምልክቶች እንደ እኛ ፊደል ድምፅን ብቻ የሚወክሉ አይደሉም፤ ብዙዎቹ በውስጣቸው የጥንት ሥዕል ቅሪት አለባቸው። ሹ ሼን የተባለ የቻይና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ100 ገደማ ባዘጋጀው ታዋቂ የምልክቶች መዝገብ ውስጥ ‹‹ቺን››ን የተነተነው በእጁ መጥረጊያ ይዞ እየጠረገ ወደፊት በሚሄድ ሰው ነው። ፍችውም ቀስ በቀስ ወደፊት መግፋት ማለት ነው። በ‹‹ፋን›› ጎን ደግሞ ውሻን የሚያመለክት ምልክት ይገኛል። ይኸው ‹‹ፋን›› ወንጀል መሥራትን በሚገልጸው ‹‹ፋንዙዌይ›› በሚለው ቃልና ወንጀለኛን በሚያመለክተው ‹‹ፋንሬን›› በሚለው ቃል ውስጥም አለ። እንግዲህ አንዱ መግፋትን፣ ሌላው መድፈርን ይዘው ተጋብተው ‹‹ቺንፋን›› ሆኑ።

ይህን ስንሰማ ወዲያው ትዝ ያለን የአገር ቤቱ ድንበር ገፊ ነው። ከገጠር የመጣ ሠልጣኝ ሁሉ ያውቀዋል። ድንበር ገፊ የጎረቤቱን ማሳ በአንድ ጀንበር አይወስድም። ዘንድሮ አንድ ትልም፣ ለከርሞ አንድ ትልም እያለ ወደ ሰው መሬት ያርሳል። ባለመሬቱ የሚነቃው ማሳው ጠብቦ ጠብቦ በሬ ማዞሪያ ሲያጣ ነው። ‹‹ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል›› የሚለው ተረት ለደግ ነገር ብቻ የተነገረ አይመስለንም። መጥረጊያ የያዘው የቻይናው ሰውና ሞፈር የያዘው የእኛ አገር ሰው በአገር ቢራራቁም በሥራ ይገናኛሉ።

አሁን ወደ ሰዋስዉ እንለፍ። በአማርኛ ግስ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። በቻይንኛ ግን ባለቤቱ ይቀድማል፣ ግሱ ይከተላል፣ ተሳቢው መጨረሻ ላይ ይሆናል። ‹‹ታ ቺንፋን ለ ዎ ደ ዪንስ›› የሚለውን እንውሰድ። ‹‹ታ›› እሱ ማለት ነው። ‹‹ለ›› ድርጊቱ መፈጸሙን የምታሳይ ትንሽ ቃል ናት፤ ከእኛ ‹‹ለ›› ጋር አትገናኝም። ‹‹ዎ ደ›› የእኔ ማለት ሲሆን፣ ‹‹ዪንስ›› ሰው ለሌላ ሊያሳየው የማይፈልገው የግል ጉዳይ፣ በእኛ አነጋገር ገመና ነው። ባንድ ላይ ሲነበብ ‹‹እሱ ገመናዬን ደፈረ›› እንደ ማለት ይሆናል።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ተሳቢው ላይ ነው። ‹‹ቺንፋን›› የሚቀበላቸው ተሳቢዎች የታወቁ ናቸው፤ መብት፣ ጥቅም፣ ገመና፣ ክብር፣ ንብረት፣ የደራሲ መብት፣ የአገር ግዛትና ሉዓላዊነት ናቸው። ልብ በሉ! እነዚህ ሁሉ ባለቤት ያላቸው ነገሮች ናቸው። መብት የአንድ ሰው ወይም የአንድ ወገን ነው። ግዛትም የአንድ አገር ነው። ገመና ባለገመና አለው። ስለዚህ ‹‹ቺንፋን›› በተባለ ቁጥር ‹‹የማንን?›› የሚል ጥያቄ አብሮ ይነሣል። መልሱ ካልተገኘ ግሱ ያለቦታው ገብቷል ማለት ነው።

ሕግ፣ ደንብ፣ ዲሲፕሊን፣ ውል ሲሆን ግን ‹‹ቺንፋን›› አይገባም። ለእነዚህ ‹‹ዌይፋን›› የሚባል ሌላ ግስ አለላቸው። የትራፊክ ሕግ ያላከበረ ነጂ ‹‹ዌይፋን›› አደረገ ይባላል እንጂ ‹‹ቺንፋን›› አደረገ አይባልም። አንባቢ ቅድም ልብ ይበልልን ያልነው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ፊደል ሁለቱም ‹‹ፋን›› ተብለው ስለሚጻፉ ወንድማማች ይመስላሉ። አይደሉም። የ‹‹ቺንፋን›› ‹‹ፋን›› ቁልቁል የሚወረወረው አራተኛው ቃና ነው፤ የ‹‹ዌይፋን›› ‹‹ፋን›› ግን ዝቅ ብሎ የሚባለው ሦስተኛው ቃና ሲሆን፣ ምልክቱም ሌላ ነው፣ ትርጉሙም ‹‹ተቃራኒ›› ማለት ነው። ‹‹ዌይ›› ደግሞ መለየትን፣ አለመከተልን ያመለክታል፤ በምልክቱም ውስጥ የመሄድ ምልክት አለበት። በአጭሩ ‹‹ዌይፋን›› ከመንገድ መውጣት ነው፤ ‹‹ቺንፋን›› ግን ሰው ግቢ መግባት ነው።

አማርኛ ተናጋሪ የሚቸገረው በዚሁ ቦታ ነው። ‹‹ጣሰ›› የሚለው ቃላችን ሁለቱንም ይሸከማል። ‹‹ደንብ ጣሰ›› እንላለን፤ ‹‹መብት ጣሰ›› እንላለን፤ ‹‹አጥር ጥሶ ገባ›› እንላለን። ጀማሪ የቻይንኛ ተማሪ ለትምህርት ቤት ደንብ ‹‹ቺንፋን››ን ቢጠቀም አይፈረድበትም። ቻይናዊው አንባቢ ግን ደንቡ እንደ ሰው ተበደልኩ ብሎ የከሰሰ ያህል ይገርመዋል። አማርኛችን ደሃ ነው ማለታችን አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ! በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን ስለ ሰብዓዊ መብቶች ሲናገር የማይጣሱ፣ የማይገፈፉ፣ የማይደፈሩ፣ የማይገሰሱ መሆናቸውን የሚገልጹ ቃላትን ተጠቅሟል። አራት ቃል ለአንድ ጉዳይ! እንግዲህ ችግሩ የቃል እጥረት አይደለም። ‹‹ጣሰ›› ለሁሉም ስለሚያገለግል፣ በተናገርነው ቁጥር ‹‹ምንን? የማንን?›› ብለን እንድንጠይቅ የሚያስገድደን ነገር አለመኖሩ ነው።

‹‹ይህ ልዩነት ለመምህር ምን ይፈይድለታል?›› ትሉ ይሆናል። አንድ ያየነውን እንንገራችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን በክፍል ውስጥ ስልክ መያዝ ክልክል ነበር። ደንቡ በየክፍሉ በር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ያላነበበው ተማሪ አልነበረም። አንድ ቀን አንዲት የክፍል ጓደኛችን ከዴስኩ ሥር ስልኳን ስትነካካ መምህሩ ደረሱባት። ስልኩን ተቀበሏት። እስከዚህ ድረስ የሚያስወቅስ ነገር የለም። መምህሩ ግን ስልኩን ኪሳቸው አልከተቱትም፤ ለዩኒት ሊደሩም አላስረከቡትም። ከሰሌዳው ፊት ቆመው የተላከላትን መልእክት ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። መልእክቱ በቤት የቁልምጫ ስሟ ይጀምር ስለነበር ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቀጥሎ የመጣው ግን የሚያስቅ አልነበረም። የላከችው ታላቅ እህቷ ነበረች፤ ስለ አባታቸው ሕመምና ስላልተከፈለ የቤት ኪራይ ነበር የጻፈችላት። ሳቁ ጸጥ አለ። መምህሩ ግን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ልጅቷ አንገቷን ዴስኩ ላይ እንደ ደፋች ደወል ተደወለ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ የትምህርት ክፍለ ጊዜ እጇን አውጥታ መልስ ስትሰጥ አላየናትም።

በማግስቱ በተማሪው መካከል ክርክር ሆነ። አንዱ ‹‹እሷም እኮ ደንብ ጥሳለች!›› አለ። ሌላው ‹‹እሳቸውም መብቷን ጥሰዋል!›› አለ። እሷም ጣሰች፣ እሳቸውም ጣሱ፤ ሁለቱም ‹‹ጣሱ›› ከተባሉ ሚዛኑ እኩል የቆመ ይመስላል፤ ነገሩ ተቻችሎ ያለቀ ይመስላል። እስቲ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በቻይንኛ እናድርጋቸው። ‹‹ሽዌሸንግ ዌይፋን ለ ጂሊዩ››፤ ተማሪዋ ዲሲፕሊን አፈረሰች። ‹‹ላውሽ ቺንፋን ለ ሽዌሸንግ ደ ዪንስ››፤ መምህሩ የተማሪዋን ገመና ደፈሩ። ግሶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በሌላው የሚጣፋ ሒሳብ አይደለም። ከመንገድ የወጣን ሰው ወደ መንገዱ መመለስ ይቻላል፤ የስልኩ መወሰድ ለዚያ ይበቃ ነበር። የመልእክቱ መነበብ ግን ወደ ደንቡ የሚመልሳት አልነበረም። ከእሷም አልፎ በዚያ ክፍል ያልነበሩትን የአባቷንና የእህቷን ጉዳይ አደባባይ ያወጣ ነበር። ደንቡ አላለቀሰም፤ ያለቀሰችው ልጅቷ ናት።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ የቻይንኛ ጉድ አለ። ‹‹መብት›› በቻይንኛ ‹‹ቹዌንሊ›› ይባላል። ‹‹ሥልጣን››ም ‹‹ቹዌንሊ›› ይባላል! ቃናቸው ሳይቀር አንድ ስለሆነ ቃሉ ብቻውን ሲነገር ጆሮ አይለያቸውም። የሚለያቸው አጻጻፉ ነው። የፊተኛው ምልክት ለሁለቱም አንድ ሲሆን በጥንት ጊዜ የሚዛን ክብደት ማለት ነበር። የኋለኛው ምልክት ግን ለመብት ሲሆን ‹‹ጥቅም›› የሚለው ይጻፋል፤ ለሥልጣን ሲሆን ‹‹ጉልበት›› የሚለው ይጻፋል። ‹‹ጥቅም›› ባለበት የሚጻፈው ቃል በጥንት ጽሑፎች ሥልጣንንና ሀብትን ያመለክት ነበር። ዊሊያም ማርቲን የተባለ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ የሄንሪ ዊተንን የዓለም አቀፍ ሕግ መጽሐፍ ወደ ቻይንኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1864 ሲያሳትም ይህንኑ ቃል ለ‹‹መብት›› አዋለው። ቃሉም በዚያ ትርጉም ጸንቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ለ‹‹ቺንፋን›› ተሳቢ ሆኖ ዘወትር የሚመጣው ‹‹ጥቅም›› የሚለው ምልክት ያለበት ‹‹ቹዌንሊ›› ነው። በዚህ ቦታ ‹‹ጉልበት›› የሚለውን የጻፈ ተማሪ ‹‹መብቴ ተደፈረ›› ሊል ፈልጎ ‹‹ሥልጣኔ ተደፈረ›› ብሎ ቁጭ ይላል። ክፍል ውስጥም ቢሆን ይህ የፊደል ስሕተት ብቻ አይደለም። ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቀው ‹‹ተደፈርኩ›› የሚል መምህር አይተን አናውቅምን? ተማሪው መብቱን ሲጠቀም መምህሩ ሥልጣኑ የተነካ ይመስለዋል። ጆሮ አንድ አድርጎ የሚሰማውን ዓይን ለይቶ ማየት አለበት።

በሕግ ቋንቋ ቃሉ እንዴት እንደሚሠራበት ማየት አጠቃቀሙን ያጠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የቻይና ሕገ መንግሥት የዜጎች የአካል ነጻነት፣ ሰብዓዊ ክብርና መኖሪያ ቤት እንደማይደፈሩ የሚደነግገው በአንቀጽ 37፣ 38 እና 39 ሲሆን፣ በሦስቱም የምናገኘው ‹‹ቡ ሾው ቺንፋን›› የሚለውን አነጋገር ነው። ‹‹ቡ›› አሉታ ነው፤ ‹‹ሾው›› መቀበል፣ በራስ ላይ መድረስ ማለት ነው። አንድ ላይ ‹‹መደፈር አይደርስባቸውም›› እንደ ማለት ነው። አንቀጽ 40 ደግሞ ማንኛውም ድርጅት ወይም ግለሰብ የዜጎችን የደብዳቤ ነጻነትና ምሥጢር ‹‹ቺንፋን›› እንዳያደርግ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በተደረገው ማሻሻያ የዜጎች ሕጋዊ የግል ንብረትም በዚሁ አነጋገር ጥበቃ አግኝቷል። ከዚህ የምንማረው አንድ የአጠቃቀም ደንብ አለ፤ ‹‹ተጣሰብኝ›› ለማለት ሲፈለግ ግሱ እንደ ስም ሆኖ ‹‹መቀበል›› ከሚለው ግስ በኋላ ይገባል። ‹‹ሽዌሸንግ ደ ቹዌንሊ ሾውዳው ለ ቺንፋን›› ሲባል ‹‹የተማሪው መብት ተጣሰ›› ማለት ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ወጥቶ በ2006 የተሻሻለው የቻይና የግዴታ ትምህርት ሕግ በአንቀጽ 29 ላይ በቀጥታ ለመምህራን ይናገራል። መምህር የተማሪን ሰብዓዊነት እንዲያከብር፣ አድልዎ እንዳያደርግ፣ በአካል እንዳይቀጣ፣ ክብር የሚነካ ድርጊት እንዳይፈጽም ካዘዘ በኋላ፣ የተማሪን ሕጋዊ መብትና ጥቅም ‹‹ቺንፋን›› እንዳያደርግ ይከለክላል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና ሕፃናትን በሚያሳድጉ ተቋማት ውስጥ በአካል ከሚፈጸም ወይም ጭካኔ ካለበትና ኢሰብዓዊ ከሆነ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በወረቀት ላይ መስፈሩና በተግባር መከበሩ ሁለት ነገር መሆኑን እናውቃለን፤ ይህ በቻይናም በሌላም አገር ያለ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ሕጎች አንድ ጥያቄ አስቀድመው መልሰዋል፤ ልጅ መብት አለው ወይስ የለውም? አለው። ‹‹የማንን?›› ለሚለው መልሱ ‹‹የልጁን›› ነው።

ቃሉ ዘመዶችም አሉት፤ እንዳይምታቱ በአጭሩ እንያቸው። ‹‹ቺንቹዌን›› በውስጡ መብትን ስለያዘ ሌላ ተሳቢ አይጨምርም፤ ‹‹መብት ጣሰ›› ብለን ‹‹መብትን›› ብለን እንደማንደግመው ነው። በቻይና መጻሕፍት ላይ የማባዛት መብት የጣሰ እንደሚጠየቅ የሚያስጠነቅቀው አጭር ጽሑፍ ይህን ቃል ይዟል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቻይና ፍትሐ ብሔር ሕግም ሰባተኛ መጽሐፉን የሰየመው በዚሁ ቃል ነው። ‹‹ቺንሃይ›› ደግሞ የደረሰውን ጉዳት ያጎላል፤ ተባይ ሰብል ሲያጠፋም ሊነገር ይችላል። ‹‹ቺንልዩዌ›› አንድ አገር ሌላውን በጦር ሲወር የሚባል ነው። ‹‹ቺንዣን›› የሌላን ንብረት ወይም መሬት ለራስ አድርጎ መያዝ ነው። የመጥረጊያው ሰው በሁሉም ውስጥ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ‹‹ቺንፋን›› ካሉ በኋላ መብት፣ ክብር ወይም ሌላ ነገር ሳይጠሩ በቀጥታ የሰውን ስም ማስከተል አደገኛ ነው። እንዲህ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰማው በአካል ላይ፣ በተለይም በሴት ላይ የሚፈጸም የመድፈር ወንጀል ነው። አማርኛችንም በ‹‹ደፈረ›› ላይ ያው ጣጣ ስላለበት ነገሩ አይጠፋንም። ስለዚህ ምን እንደተጣሰ ለይቶ መጻፍ ይበጃል።

ደግሞም ቃሉ የጽሑፍና የወግ ቃል ነው። ጋዜጣ፣ ሕግ፣ አቤቱታ፣ ንግግር ላይ ያምርበታል። በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ አንዱ ጓድ ከፊታችን ሾልኮ ቢገባ ‹‹መብታችን ላይ ጥሰት ተፈጽሟል›› አንልም፤ ‹‹ኧረ ተሰለፍ!›› ነው የምንለው። በቻይንኛም እንዲሁ ነው። ሰውን በንግግር ማስቀየም ሲሆን ‹‹ማውፋን›› የሚል ሌላ ቃል አለ። ትልቁን ቃል በየትንሹ ጉዳይ የሚመዝዝ ሰው፣ እውነተኛው በደል በደረሰ ቀን የሚጠራው ቃል ያጣል።

አሁን ተቃውሞውን እንስማ። ‹‹ስድሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ገብታችሁ ሞክሩትና እናያለን! ልጅ መብት መብት እየተባለ ማን ይሰማል?›› የሚሉን አሉ። የክፍሉ ጥበት፣ የጫጫታው ብዛት እውነት ነው፤ የነባር መምህራንንም ድካም እናከብራለን። ይሁን እንጂ የሁለቱ ግሶች መለየት ደንብ ይቅር አይልም። ‹‹ዌይፋን›› ያደረገ ተማሪ በደንቡ መሠረት ይጠየቅ፤ ያረፈደ ስለማርፈዱ፣ የኮረጀ ስለመኮረጁ ይጠየቅ። እኛ የምንለው መጠየቂያው ደንቡ ይሁን እንጂ የልጁ ገላ፣ የልጁ ገመና፣ የልጁ ቤተሰብ አይሁን ነው። ደግሞም መጥረጊያውን አንርሳ። አንድ ቀን የልጅ ደብተር ማገላበጥ፣ አንድ ቀን ‹‹የእከሌ ልጅ›› ብሎ በአባቱ ድህነት መቀለድ፣ አንድ ቀን ጆሮ መቆንጠጥ፤ እያንዳንዱ ‹‹ይቺማ ምን አላት!›› የምትባል ናት። ግን በያመቱ አንድ ትልም ነው። ልጁ አንድ ቀን ማዞሪያ ሲያጣ ትምህርቱን ጥሎ ይሄዳል፤ ያኔ ‹‹ምን ነካው?›› ይባላል።

በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ እንሠማራለን። በልምምድ ደብተራችን ላይ ተማሪዎች የፈጸሙትን ጥፋት የምንመዘግብበት ቦታ ይኖረናል። ከጎኑ ሌላ ዓምድ አስምረን፣ በዚያ ቀን እኛ የወሰድነው እርምጃ የማንን ምን እንደነካ ብንጽፍበት መልካም ነው እንላለን። ባዶ ሆኖ ከዋለ ደስ ይበለን።

በመጨረሻም የመምህርነት ነገር ነውና ያለ መልመጃ አንለያይም። ‹‹ቺንፋን›› ወይም ‹‹ዌይፋን›› በሉ።

1ኛ. ነጂው በቀይ መብራት አልፎ የትራፊክ ሕግ አፈረሰ።

2ኛ. አንድ ነጋዴ ያለ ደራሲው ፈቃድ መጽሐፉን አባዝቶ በመሸጥ የደራሲውን መብት ነካ።

3ኛ. የአንድ አገር የጦር አውሮፕላን ሳይፈቀድለት የጎረቤት አገር የአየር ክልል ውስጥ ገባ።

4ኛ. ተማሪው ዩኒፎርም ሳይለብስ በመምጣቱ የትምህርት ቤቱን ደንብ አላከበረም።

5ኛ. መምህሩ ዩኒፎርም ያልለበሰውን ተማሪ በአርጩሜ ገረፈው።

ለአንደኛውና ለአራተኛው ‹‹ዌይፋን››፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ‹‹ቺንፋን›› ያለ አንባቢ አግኝቷል። አምስተኛው ላይ ግን ቆም በሉ። ለእሱ ሁለቱም ግሶች ይገባሉ፤ ተሳቢያቸው ግን ይለያያል። መምህሩ ሕጉን ‹‹ዌይፋን›› አደረገ፤ የልጁን መብት ‹‹ቺንፋን›› አደረገ። ለፊተኛው በአለቃ ይጠየቃል። ለኋለኛው ይቅርታ የሚጠይቀው ልጁን ነው።

ሐሳባችንን የሚቃወም ካለ በዚሁ ሰሌዳ ላይ መልሱን ይለጥፍልን፤ በደስታ እናነበዋለን። ቻይንኛ ለመማር የሚፈልግም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎራ ይበል።

ከቅዳሜ ቻይንኛ ተማሪ ሠልጣኞች